ፌስታል ከቀረ በኋላ ወጥ በምን ይታሸግ? (ምሳ የምታቀርቡ ግቡበት)

የጉርድሾላዋ · ሰኞ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጉርድ ሾላ አካባቢ ቤቴ ውስጥ እያበሰልኩ ለመሥሪያ ቤቶች ምሳ አቀርባለሁ። አብዛኛው በያይነቱ ነው፤ በፍስክ ቀን ቀይ ወጥና ጥብስ ይጨመርበታል። በሥራ ቀን ከሃምሳ ሰው በላይ እመግባለሁ። አንዲት ረዳትና አንድ ባለሞተር ልጅ አሉኝ።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እንጀራው በፌስታል፣ ወጡ በስስ ላስቲክ ይቋጠራል፣ ሁሉም ተሰብስቦ ሌላ ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። ፌስታል የሚከለክለው ሕግ ሲመጣ ወደ ፎይል ሳህን ዞርኩ። አሁን ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛው ዋጋው፤ ከአንድ ምሳ የማገኛትን ትርፍ ማሸጊያው ይበላታል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሒሳብ ልሰበስብ አንድ ቢሮ ስገባ የቆሻሻ ቅርጫታቸውን አየሁት። ከላይ እስከ ታች የኔ ፎይል፣ የኔ የላስቲክ ማንኪያ፣ የኔ ሶፍት። ፎይሉ ውስጥ ደግሞ ወጡ ገና አልተነካም፤ ብዙዎቹ ግማሹን ትተውታል። ታዲያ ፌስታሉን ትቼ ምን አተረፍኩ?

አንድ አስመጪ ከሸንኮራ አገዳ ገለባ የተሠራ ሳህን አሳየኝ፤ "ብትቀብሪው አፈር ውስጥ ይጠፋል" አለኝ። ዋጋውን ስሰማ እኔ ልጠፋ ነበር።

እስቲ ምከሩኝ። የማያፈስ፣ አካባቢ የማያበላሽ፣ ኪሴንም የማያራቁት ነገር አለ ወይ?

ኬሚስቱ_ቢ · ሰኞ ከምሽቱ 3:02

እህቴ፣ ሕጉን በአጭሩ ላስታውስሽ፣ ከዚያ ወደ ወጡ እንሄዳለን። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ያነጣጠረው ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ፌስታል ነበር። ገበያ ላይ ማን ይለካዋል? ወረቀት ላይ ቀረ። የ2017ቱ ግን ተጠቃሚውንም ይነካል፤ ፌስታል ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ስለዚህ ወደ ፌስታል መመለስ የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወጡ። ወጥ ማሸጊያን ክፉኛ ይፈትናል። ከማሸጊያው ወደ ምግቡ የሚያልፈው ኬሚካል የሚጨምረው በሙቀት፣ በዘይት፣ በኮምጣጣነትና በቆይታ ነው። ወጥ አራቱንም ይዞ ይመጣል። ያ ስስ ላስቲክ ፖሊኤትሊን ነው፣ ትኩስ ሽሮ ሲገባበት ወዲያው ይላላል። ኬክ የሚገባበት ጥርት ያለው ሣጥን ፔት ነው፣ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ላይ ይጣመማል፤ ለሰላጣ ይሁን። ነጩን ፎም ተዪው፣ ትኩስና ቅባት አይስማማውም። ከላስቲኮቹ ውስጥ ትኩስ የሚችለው ፖሊፕሮፒሊን ነው። ታች ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ተጽፎበታል፣ የሚቀልጠው 160 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ፎይሉን ስትመርጪ "ብረት ነው፣ መልሶ ይቀልጣል" ብለሽ ይሆናል። እውነት ነው፣ አሉሚኒየም መልሶ ሲቀልጥ ከማዕድን ለማውጣት ከሚፈጀው ጉልበት 5 በመቶ ያህሉ ይበቃዋል። ከማዕድን ሲወጣ ግን በኪሎ 14 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይበላል። ወጥ የተለቀለቀ ፎይል አጥቦ የሚሰበስብ ከሌለ ያ ሁሉ ጉልበት አንድ ምሳ በልቶ ተጣለ ማለት ነው። ቲማቲም ያለበት ወጥ ደግሞ ፎይል ውስጥ ካደረ ይበሳዋል፣ አይተሽው ይሆናል።

ስለ ሸንኮራ አገዳው ሳህን አንድ ነገር ብቻ፦ ዘይት እንዳያሳልፍ ፒፋስ የሚባሉ ኬሚካሎች ሲቀቡት የኖረ ዕቃ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2024 እ.ኤ.አ. እነዚህ ቅቦች ከምግብ ወረቀት ገበያ መውጣታቸውን አስታውቋል፤ ይህ ግን እዚያ ነው። አስመጪውን "ፒፋስ የለበትም" የሚል የምርመራ ወረቀት ጠይቂው። ካላሳየሽ ይለፍሽ።

የቄራ_ሰው · ሰኞ ከምሽቱ 3:20

በፌስታል መቅረት ያዘንሽ መሰለኝ። አትዘኚ። እኔ ከብት እያረድኩ የማድር ሰው ነኝ። ጨጓራ ስንከፍት ፌስታሉ ከሣር ጋር ተገምዶ፣ ጠቁሮ ይወጣል፤ አንዱን ጫፍ ይዘህ ስትጎትት ሌላው ይከተላል፣ አያልቅም። ከብቱ ይበላል፣ ግን ይከሳል፤ ቦታው ተይዟላ።

ለምን እንደሚበሉት ታውቃላችሁ? ሰው ትራፊውን ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ ስለሚጥል ነው። በጉ የሚሸተው እንጀራውና ጨው የነካው ወጥ ነው። ቋጠሮውን መፍታት አይችልም፣ ከነፌስታሉ ይውጠዋል።

ወለተ_ሚካኤል · ሰኞ ከምሽቱ 3:41

ውይ! ባለፈው ፋሲካ የገዛነው በግ ሆድ ውስጥ ያየነው ነገር ይኼ ነበር ለካ።

ተቺው · ሰኞ ከምሽቱ 4:05

ሁሌም የሚገርመኝ ነገር አለ። ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ስትከለክል እስከ አራት ዓመት እስራት አስቀመጠች፣ እኛም ተከተልን። እሺ። አሁን ግን ሱፐርማርኬት የሚሸጡልን "የጨርቅ" ቦርሳ ምንድን ነው? ጫፉን በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ቢሆን አመድ ይሆን ነበር፤ እሱ ግን ይቀልጥና ይንጠባጠባል። ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ያው ላስቲክ። ወፍራም ፌስታል በውድ ገዛን።

ኬሚስቱ_ቢ · ሰኞ ከምሽቱ 4:18

« ወፍራም ፌስታል በውድ ገዛን »

ቁሱ ላይ ልክ ነህ፣ ድምዳሜው ላይ አይደለህም። ያቺ ቦርሳ መቶ ጊዜ አትክልት ተራ ከሄደች አዋጥታለች። በየሱቁ አዲስ እየገዛህ ቤት ከቆለልክ ግን አንተ እንዳልከው ነው። ጥጥም ቢሆን ቅዱስ አይደለም፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያስጠናው ጥናት፣ የጥጥ ከረጢት በአየር ንብረት በኩል ብቻ ከስስ ፌስታል ጋር ለመስተካከል ከ50 ጊዜ በላይ፣ በሌላውም ሁሉ ከተመዘነ 7,100 ጊዜ ማገልገል አለበት ብሏል። ጥጥ ውሃና መሬት ይጠጣል። ለነገሩ እዚያ ፌስታል ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ በግ አይበላውም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ጉርድ ሾላ ማምጣት አይቻልም። ጥያቄው ቁሱ ምንድን ነው ከሚለው ይልቅ ስንት ጊዜ ያገለግላል የሚለው ነው።

ላስቲክ_ሰብሳቢ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 1:30

እኛ አያት በኩል በማኅበር ተደራጅተን ሃይላንድ እንሰበስባለን፣ ከቁራሌውም እንረከባለን። ስለምንገዛውና ስለማንገዛው ልንገራችሁ።

የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከ10 እስከ 15 ግራም ቢመዝን ነው። ኪሎ ለመሙላት 70፣ 80፣ አንዳንዴም 100 ጠርሙስ መልቀም ነው። ይኼ ያዋጣል፣ ገዢ አለው። ፌስታል ግን ወፍራሙ እንኳ 5፣ 6 ግራም ነው፣ ጭቃና ወጥ ነክቶታል፣ ኪሎ ለመሙላት ከ150 በላይ ማጠብ አለብህ። ማን ያጥበዋል? ለዚህ ነው ቱቦ ውስጥ የሚቀረው፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ መንገዱ ወንዝ የሚሆነው። ፎይልም እንደዚያው ነው፣ ከታጠበ የሚፈልገው አለ፣ ከነወጡ ከመጣ ግን ይሸታል፣ ዝንብ ይወረዋል፣ አንነካውም።

ጠርሙስም ቢሆን ነጩ ነው የሚፈለገው። ባለ ቀለሙን ከነጩ ጋር ከቀላቀልክ ገዢው ዋጋ ይጥልብሃል። ስፕራይት አረንጓዴውን ጠርሙስ በሰሜን አሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. የተወው በዚሁ ምክንያት ነው። ክዳኑን አትጣሉት፣ ጠርሙሱ ላይ ግጠሙት። ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ የጠርሙሱ ፍርፋሪ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል፣ በወንፊት ይገፈፋል።

ሌላው፣ "አፈር ውስጥ ይጠፋል" ለተባለችው እህት። ያንቺ ሳህን አፈር ውስጥ አይቀበርም፣ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ተረግጦ ይከመራል። ቆሼ መጋቢት 2009 ላይ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን የወሰደው እንዲህ ያለ ክምር ነው። ነፍሳቸውን ይማር።

ኬሚስቱ_ቢ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 2:10

ሰብሳቢው ያለው ትልቅ ነገር ነው። ከበቆሎ የሚሠራው "ባዮ" ኩባያም ልክ እንደዚሁ ነው፤ ፒኤልኤ ይባላል፣ እንዲበሰብስ ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ያለው የኢንዱስትሪ ብስባሽ ማዘጋጃ ይፈልጋል። ጓሮ ውስጥ ብትቀብሩት ሳይበሰብስ ዓመታት ይቀመጣል።

ኤማ_ዲሲ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 4:55

ከዚህ ከዋሽንግተን ልጨምር። እዚህ ፌስታል ከ2010 ጀምሮ 5 ሳንቲም ይከፈልበታል፣ ፎም ሳህን ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ክልክል ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ወደ ጥቁሩ የላስቲክ ሣጥን ሄዱ። እንጀራው ግን አሁንም በላስቲክ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣውም። እኔ ያንን እንጀራ እየገዛሁ ስለ ላስቲኩ ስጨነቅ ባለቤቴ ይስቅብኛል። አትላንቲክን አቋርጦ በአየር የመጣ እንጀራ ላይ ላስቲኩ ምን አላት?

ኬሚስቱ_ቢ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 5:20

ባለቤትሽ ልክ ናቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት ነበር፤ ምግብ ወደ አየር ከሚለቀው በካይ ጋዝ ውስጥ የማሸጊያው ድርሻ 5 በመቶ ገደማ ነው። ትልቁ ያለው እርሻው ላይ ነው፣ ከሁሉም በላይ የቀንድ ከብት ላይ። ወደ ጉርድ ሾላዋ ስመልሰው፣ እህቴ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ካየሽው ፎይልና ወጥ የባሰው ወጡ ነው። ጤፉ ታርሶ፣ ሽንኩርቱ በመኪና መጥቶ፣ ዘይቱ ከባሕር ማዶ ተጭኖ፣ አንቺም ማልደሽ ተነሥተሽ ከዚያ ይጣላል።

የጉርድሾላዋ · ማክሰኞ ከቀኑ 7:40

ይኼ ነገር ልቤን ነካኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙ የምጨልፈው "ቆጠበችብን" እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ሴቶቹ አብዛኞቹ አይጨርሱም። "ሙሉ" እና "መለስ ያለ" ብዬ በሁለት ዋጋ ባቀርብስ?

ወለተ_ሚካኤል · ማክሰኞ ከቀኑ 7:52

አድርጊው እባክሽ። እኔ ቢሮዬ ውስጥ ከጎረቤቴ ጋር አንድ ምሳ ለሁለት የምናዘው ለዚህ ነው። "መለስ ያለ" ስሙም ደስ ይላል።

ዳሞት · ማክሰኞ ከቀኑ 9:15

ላስቲክን ብቻ ስትራገሙ አላስችል አለኝ። የግብርና ባለሙያ ነኝ፣ ቡሬ አካባቢ እሠራለሁ። ገበሬው በቆሎውን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሲያስቀምጥ ነቀዝ ይጨርሰዋል፣ ወይ መርዝ ይነሰንስበታል። ፒክስ የሚባል ከረጢት አለ፦ ከውስጥ ሁለት ወፍራም የላስቲክ ሽፋን፣ ከውጭ የተሸመነው ከረጢት። እህሉ ደርቆ ከገባ በኋላ አየሩን በእጅ እየተጫንክ ታስወጣለህ፣ አንዱን አፍ ጠምዝዘህ፣ አጥፈህ ታስራለህ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ነቀዙ ራሱ ይጨርሰውና ይሞታል። መርዝ የለ፣ ብክነት የለ። ካልተቀደደ በሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል። ይኼም ላስቲክ ነው እንግዲህ።

ተቺው · ማክሰኞ ከቀኑ 9:31

አሁን ገና አንድ ሰው ቁም ነገር ተናገረ።

የወልቂጤ_ልጅ · ማክሰኞ ከቀኑ 10:08

ኮባን ረሳችሁት እኮ። ቆጮ በምን ይጠቀለላል? ድፎ ዳቦ በምን ይጋገራል? ወጥ አይችልም፣ ይፈሳል፣ ግን እንጀራ ለመጠቅለል፣ ክትፎና አይብ ለማቅረብ ከላስቲክ ይበልጣል። ጥሬውን እንዳትጠቀሚ ብቻ፣ ይሰነጠቃል። እሳት ላይ ለብ ለብ አድርጊው፤ አረንጓዴው ጠቆር ብሎ ሲያብለጨልጭ ይለሰልሳል፣ እንደፈለግሽ ይታጠፋል። ወፍራሙን የመሐል አከርካሪ አስቀድመሽ በቢላ ላጪው።

ጋዜጣ ግን እንዳይሞክራችሁ። ቆሎ በጋዜጣና በደብተር ወረቀት በልተን አድገናል፣ ቀለሙ ግን ዘይት ሲነካው ወደ ምግቡ ይሄዳል።

አወያይ · ማክሰኞ ከቀኑ 10:30

የሁለት አስመጪዎች ማስታወቂያ ተነሥቷል። ዕቃ መሸጥ የፈለገ ወደ ገበያው ክፍል ይሂድ።

እድር_ጸሐፊ · ማክሰኞ ከምሽቱ 1:25

ልጆቼ፣ ስትነጋገሩ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ጡረታ ወጥቼ የሰፈራችንን እድር መዝገብ ነው የምይዝ። እድራችን መጋዘን ውስጥ ስንት ዓይነት ዕቃ እንዳለ ብታዩ ትገረማላችሁ። ሳህን፣ ትሪ፣ ብርጭቆ፣ ጭልፋ፣ ብረት ድስት፣ የውሃ በርሜል፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር። ለቅሶ ሲሆን ዕቃ ቤት ኃላፊው ቆጥሮ ያወጣል፣ የወሰደው ሰው ይፈርማል፣ ታጥቦ ሲመለስ ተቆጥሮ ይገባል። የጎደለውን ወሳጁ ይከፍላል። አንድ ሳህን ስንት ለቅሶና ስንት ሠርግ አብልቷል! ከኛ ዕድሜ የሚበልጥ ብረት ድስት አለን።

አሁን አሁን ግን ለቅሶ ቤት ካርቶን ሙሉ ሃይላንድ ይመጣል። ግማሹ ተከፍቶ ሁለት ጉንጭ ተጠጥቶ ይቀራል፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ይደፋል። እኛ ጉባኤ ላይ ተነጋግረን ውሃ በበርሜልና በጆግ እንዲሆን ወስነናል። መጀመሪያ የተቃወሙን ወጣቶቹ ናቸው፣ "ያሳፍራል" ብለው።

ስለዚህ ልጄ፣ የምትጥዪውን ዕቃ አትፈልጊ፣ የሚመለስ ዕቃ ፈልጊ። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ በሣጥን ወጥቶ በሣጥን የሚመለሰው ለምንድን ነው? ማስያዣ ስላለው ነው። ያለ ባዶ ጠርሙስ ሙሉ አይሰጥህም፣ ካልያዝክ ትከፍላለህ። ማንም ሰበካ አላስፈለገውም።

የጉርድሾላዋ · ማክሰኞ ከምሽቱ 1:50

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ እኮ ደንበኞቼ ተመሳሳይ ሰዎች ናቸው፤ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ቢሮ ነው የምሄደው። ምሳ ዕቃ ላይ ማስያዣ ማድረግ ለምን አላሰብኩም?

ተቺው · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:12

ጋሼን አከብራለሁ፣ ግን የእድር ዕቃ በወር አንዴ ነው የሚወጣው። እሷ በየቀኑ ሃምሳ ምሳ ዕቃ ልታጥብ ነው። በምን ውሃ? ውሃችን በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሳሙናስ? የሚያጥብ ሰው ደመወዝስ? የሰው አፍ የነካውን በቅጡ ሳታጥብ ብትልክና አንድ ሰው ቢታመም ስሟ ይጠፋል። ብረት ምሳ ዕቃ ሲመረትም ከፎይል በላይ ነው የሚያጨሰው።

ኬሚስቱ_ቢ · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:40

ጥያቄህ የሚገባ ነው፣ ስለዚህ በቁጥር እንየው። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. የምግብ ቤት ማሸጊያዎችን አወዳድረው ነበር። ከሚጣሉት ውስጥ ሲመረት ትንሹን የሚበክለው ያ የምንረግመው ፎም ሆኖ ተገኘ፣ ቀላል ስለሆነ። ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት ክዳን ያለው የላስቲክ ሣጥን ከፎም የተሻለ እንዲሆን በካርቦን ረገድ ከ18 ጊዜ በላይ ማገልገል አለበት አሉ። ለለንደን ሰው 18 ጊዜ ብዙ ነው፤ አንዱ ሣጥን ጠፍቶበት ሌላ ይገዛል። እህታችን ጋ ግን አንድ ምሳ ዕቃ በየሥራ ቀኑ ቢወጣ ወር ሳይሞላው ያልፈዋል። ብረቱ የበለጠ ይፈልጋል፣ ግን ብረት ዓመታት ይኖራል። የማጠቢያውን ውሃ በኤሌክትሪክ ምድጃ ብታሞቂው እኛ አገር ኤሌክትሪኩ ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል ነው፤ እዚያ ጋዝ ያቃጥሉበታል።

ውሃው ላይ ትክክል ነህ። በቧንቧ እያፈሰሱ ማጠብ አይሆንም። ሦስት ሳፋ ይበቃል፦ ትኩስ ውሃና ሳሙና፣ ማለቅለቂያ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ በረኪና ያለበት ወይም የፈላ ውሃ። ከዚያ በጨርቅ አትወልውሉት፣ ገልብጣችሁ አየር ያድርቀው። እርጥብ ጨርቅ ጀርም ያዛምታል።

አበሻ_በፍራንክፈርት · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:30

እዚህ ያየሁትን ላካፍላችሁ፣ ለእህታችን ይጠቅማታል። ጀርመን ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ የሚወሰድ ምግብ በሚጣል የላስቲክ ማሸጊያ የሚሸጥ ቤት ሁሉ ተመላሽ ዕቃም እንዲያቀርብ በሕግ ተገዷል። ትንንሾቹ ቤቶች ከዚህ ነፃ ናቸው፣ ግን ደንበኛ የራሱን ዕቃ ይዞ ከመጣ መሙላት አለባቸው። እኔ የምሠራበት የሐበሻ ምግብ ቤት ከአንዱ የሣጥን አከራይ ጋር ተዋውሏል፣ ደንበኛው 5 ዩሮ አስይዞ ይወስዳል፣ ሲመልስ ይቀበላል። አሪፍ አይደል? ግን የሚወስደው ጥቂት ሰው ነው።

ለምን? ደንበኛው መጠየቅ ስላለበት። ቸኩሏል፣ ኋላው ሰልፍ አለ፣ እኛም ቸኩለናል፤ እጃችን የሚሄደው ወደሚጣለው ነው። ጠርሙሱ ላይ ግን የሚጠይቅህ የለም፣ 25 ሳንቲሙ ዋጋው ላይ ተጨምሮ ነው የሚመጣው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይመለሳል። ወድቆ የተገኘውንም ሌላው ለቅሞ ያስመልሰዋል።

ስለዚህ እህቴ፣ "ምሳ ዕቃ ወይስ ፎይል?" ብለሽ አትጠይቂ። ምሳ ዕቃው መደበኛው ይሁን፣ ፎይል የፈለገ ይጠይቅ፣ ይክፈልበትም።

ነታንያ · ረቡዕ ከጠዋቱ 12:50

እስራኤልም እንደዚያው ነው። ጠርሙስ ላይ 30 አጎሮት (የእስራኤል ሳንቲም) ማስያዣ አለ፣ ሰው ይመልሳል። በሚጣል ሳህንና ኩባያ ላይ በ2021 መጨረሻ ቀረጥ ጣሉ፣ ብዙ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ጮኹ፣ መንግሥት ሲለወጥ ቀረጡ ተነሣ። በኛ ሰው ድግስ ላይ ስትሄዱ አሁንም ሳህኑ ተቆልሎ ይጣላል፤ እናቴ "አገር ቤት ሳለን ይኼን ሁሉ ሰው በመሶብ ነበር የምናበላው" ትላለች።

ሻርጃ_22 · ረቡዕ ከጠዋቱ 3:15

አብረውኝ የሚሠሩ ሕንዶች ስለ ሙምባይ ዳባዋላዎች ሁልጊዜ ያወሩልኛል። ከ1890 ጀምሮ የሠራተኛውን ምሳ ከቤት ወደ ቢሮ በብረት ምሳ ዕቃ በብስክሌትና በባቡር ያደርሳሉ፣ ከሰዓት ባዶውን መልሰው ቤቱ ያስገባሉ። በደህናው ጊዜ በቀን ወደ 200,000 ምሳ ዕቃ ነው የሚባለው። ዋናው ምስጢራቸው ክዳኑ ላይ የሚጻፈው ምልክት ነው፦ ከየት ሰፈር፣ በየትኛው ጣቢያ፣ ወደ የትኛው ሕንፃ፣ ስንተኛ ፎቅ። ያንቺ ባለሞተርም እኮ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።

የጉርድሾላዋ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:05

ዛሬ መርካቶ ወርጄ አየሁ። ባለ ሁለት ክፍል የብረት ምሳ ዕቃ አለ፣ ክዳኑ በሁለት ጎን የሚቆለፍ። ከታች ወጥ፣ ከላይ ሰላጣና አይብ ይገባል፣ እንጀራው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለብቻው ይሄዳል። ሻጩን ውሃ ሞልቼ ገልብጬ እንድሞክር ስለምነው መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ራሱ አመጣልኝ። አንዱ አንጠባጠበ፣ ጎማ ያለው ግን ጠብ አላለም። ጎማው ለብቻው እንደሚሸጥም ነገረኝ።

ሁሉንም ደንበኛ በአንድ ጊዜ አልችልም። ማስያዣ 300 ብር ብዬ ከአንድ ቢሮ ልጀምር ነው፤ ብዙ ሰው ያለበትን፣ ጸሐፊዋም የምትግባባኝን መረጥኩ። ዛሬ ጠየቅኋት፣ "ሥራ ስንለቅ ማስያዣው ይመለሳል ወይ?" አለችኝ። ሥራ የለቀቀ ሰው ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን ይወስዳል አልኳት። ዕቃውን አለቅልቆ ለመለሰ ደግሞ በሳምንቱ መጨረሻ ሻይ በኔ። እዚያ ቢሮ ሌላው የተስማሙበት ነገር "መለስ ያለ" ምሳውን ነው፣ ግማሾቹ እሱን ነው ያዘዙት!

አንድ ችግር ቀረኝ። ሁሉም ምሳ ዕቃ አንድ ዓይነት ነው። ሌላ ምሳ አቅራቢም ያንኑ ይገዛል፣ ከቤት የሚያመጡም አሉ። የኔ መሆኑን በምን ልለየው? እስክሪፕቶ ሲታጠብ ይጠፋል፣ ወረቀት ይላጣል።

ላስቲክ_ሰብሳቢ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:20

በምስማር ቁጥር ጫሪበት፣ ታቹ ላይ። አይጠፋም።

እድር_ጸሐፊ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:34

ጭረት ቆሻሻ ይይዛል ልጄ፣ ይዝጋል። የኛ እድር ሴቶች በጥፍር ቀለም ነው ምልክት የሚያደርጉት። ከውጭ በኩል፣ ታቹ ላይ፣ ምግብ በማይነካው ቦታ። ዓመት አይለቅም፣ ሲደበዝዝ በላዩ ይደገማል። ለእያንዳንዱ ቢሮ ሌላ ቀለም ብትመርጪ ደግሞ ባለሞተሩ ማንበብ አያስፈልገውም።

ወለተ_ሚካኤል · ረቡዕ ከምሽቱ 2:41

ቀዩን ብቻ እንዳትገዢ። ረዳትሽ በርበሬ መስሏት ስትፈትገው ትውላለች።

የጉርድሾላዋ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:44

ሃሃሃ! ወርቃማና ሰማያዊ ይሁን እንግዲህ። የእህቴ መሳቢያ ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ ነገ ሳትነሣ እወስደዋለሁ።